የእማማ ሚዳቋ ጣራ

አንድ ጊዜ፣ የክረምቱ ደመና ከገደሉ ማዶ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን፣ የዱርና የመንደር እንስሳት ተሰባጥረው በሚኖሩበት ሸለቆ ውስጥ እመት ቀበሮ ኩይሳ ላይ ወጥታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወጣቶች ሆይ! ትምህርት ተዘግቷል። ክረምቱን ተኝታችሁ ልታሳልፉት ነው ወይስ ቁም ነገር ልትሠሩበት? በአያ አንበሶ መልካም ፈቃድ ዘንድሮም የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጀመራል። ጠዋት ጠዋት የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድሳለን። ከሰዓት በኋላ ሩጫ፣ ትግል፣ ዘፈን፣ ጨዋታ! ጉልበት ያለው ይምጣ። የሌለውም ይምጣ፣ እዚያው ያገኘዋል!»

ጎረምሶቹ ጮኹ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ቡሌ የሚባለው ጎረምሳ አህያ ነበር። ድምፁ ገና እየጎረነነ ስለነበር በወፍራም የጀመረው ማናፋት በቀጭን አለቀበት፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

እናቱ ዳለቻ ግን አልሳቀችም። ከወፍጮ ስትመለስ ጭነቷን እንደተሸከመች ቆማ ትሰማ ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «የዚህ ነገር ሰብሳቢው ማን ነው?»

«አያ ጅቦ ነዋ!»

ዳለቻ ያን የሚያህል ጆሮ ይዛ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ጅብ? ለአህያ ልጅ ጅብ ሰብሳቢ? በዚህ ሁሉ ሸለቆ ሌላ እንስሳ ጠፍቶ ነው?»

«ወይ ዳለቻ፣ አንቺ አሁንም እዚያው ነሽ» አለች ቀበሮ አንገቷን እየነቀነቀች። «እሱ ድሮ ቀረ። አያ ጅቦ እኮ ሥልጠና ወስዷል።»

«የምን ሥልጠና?»

«የወጣቶች አያያዝ።»

ከኩይሳው ሥር የተቀመጠው አያ ጅቦ ምራቁን ዋጥ አደረገና «ወጣቶችን በጣም ነው የምወዳቸው» አለ። ቡሌ ላይ ያረፉትን ዓይኖቹን ለማንሣትም ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

ዳለቻ ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ቤት ወሰደችው። ገና ጭነቷ ሳይራገፍላት ጀመረች።

«አትሄድም! ቀልደኞች! ዓመቱን ሙሉ እህሉን የሚያመላልስ አህያ፣ እንጨቱን የሚያመላልስ አህያ፣ ውሃውን የሚያመላልስ አህያ። እስኪ ጀርባዬን ተመልከት። ይህ ሁሉ ጠባሳ ጌጥ መሰለህ? አንድም ቀን ‹እግዜር ይስጥሽ› ያለኝ የለም። አሁን ደግሞ ክረምት መጣ ብለው የልጄን ጀርባ በዘፈን አታለው ሊወስዱት!»

«እማዬ፣ ማንም አላስገደደኝም እኮ።»

«እሱ አይደል የባሰው! እኔን እንኳ በዱላ ነው የሚያሸክሙኝ። አንተ ራስህ ሮጠህ ሄደህ ልትሸከምላቸው ነው።»

ቡሌ በኮቴው መሬቱን ጫረ፤ ከዚያም ቀና አለ።

«ታዲያ ክረምቱን ምን ልሥራበት? ከአንቺ ኋላ እየተከተልኩ ጆሮዬን ላወዛውዝ? ጦጢት ትሄዳለች፤ ከርከሮም ይሄዳል። እኔ ብቻ ጓሮ ለጓሮ ልቅር? እማዬ፣ አህያ ነኝና መሸከሜ አይቀርም። ትንሽ ስጠነክር የመጣ ሁሉ ይጭነኛል። እስከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ፈልጌ፣ ለፈለግሁት ልሸከም።»

ይህ ዳለቻን የባሰ አናደዳት። በጓዳው ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደች፤ ባዶውን ገንዳ በእርግጫ መታችው። መጨረሻ ላይ እንደምንም ብላ «እሺ» አለች።

«ግን ስማኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚህ ትገኛለህ። ከጅቡ ጋር ብቻህን አትቆምም። ጀርባህንም አትሰጠውም።»

«እሺ።»

«ሰምተኸኛል?»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ እማዬ!»

የማስጀመሪያው ቀን ሸለቆው በሙሉ እማማ ሚዳቋ ደጃፍ ላይ ተሰበሰበ። እማማ ሚዳቋ ዓይናቸው የደከመ፣ ልጆቻቸው የተበተኑባቸው አሮጊት ናቸው። ጎጇቸው በአንድ በኩል ታፈሳለች። የምታፈስበት ቦታ ላይ እንስራ አስቀምጠው ክረምቱን በዚያው ይገፉ ነበር። ያን ዕለት ግን በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት ክብር መጣላቸው። አያ አንበሶ ራሱ ጎፈሩን አበጥሮ ተገኘ። ከበሮ ተመታ፣ ተጨፈረ። ቀበሮ ስለ መረዳዳት ረጅም ንግግር አደረገች። ጅብ ንግግር እንዲያደርግ ሲጋበዝ «እኔም እንደዚሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ አያ አንበሶ ተጠጋና ከጣራው ላይ የመጀመሪያዋን እፍኝ ሣር መዞ ጣለ። ይህ በዚያ ሸለቆ የቆየ ልማድ ነው፤ ሥራው የሚመረቀው ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይደለም። እልልታው ቀለጠ። ጎረምሶቹም በአንበሳ ፊት የሚታዩበት ዕድል ሆነላቸውና ጣራው ላይ ሰፈሩበት። አሮጌውን ክዳን ገፈፉት፣ የበሰበሰውን ማገር ነቀሉት። ቡሌ ሣሩን በጀርባው እየወሰደ ገደል አፋፍ ላይ ደፋው። ፀሐይ ከመዘቅዘቋ በፊት ከእማማ ሚዳቋ ጎጆ ላይ አንዲት ሰበዝ አልቀረም።

«ድንቅ ነው! ወጣት ማለት እንዲህ ነው!» አለ አያ አንበሶ፤ ወደ ዋሻውም ተመለሰ። እሱ ሲሄድ ከበሮው ሄደ። ከበሮው ሲሄድ እልልታው ሄደ።

«ለዛሬ ይበቃል» አለች ቀበሮ። «እማማ፣ ነገ መጥተን እንከድንልዎታለን። የትም እንዳይሄዱ!»

በማግስቱ ዝናብ ጣለ።

ቡሌ ግን በየቀኑ ወጥቶ ይገባ ጀመር። አመሻሽ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እየዘፈነ ይመጣል። ከከርከሮ ጋር መታገሉን፣ ጦጢትን በጀርባው አዝሎ ወንዝ ማሻገሩን ሲያወራ ምግቡን ይረሳል። ልጁ ደረቱ ሰፋ፤ ማናፋቱም በወፍራም ጀምሮ በወፍራም ማለቅ ጀመረ። ዳለቻ ሳትወድ በግድ ደስ ይላት ነበር።

«የእማማ ሚዳቋ ቤትስ ምን ደረሰ?» አለችው አንድ ቀን።

«እመት ቀበሮ መጀመሪያ የዕቃ ማስቀመጫ መሠራት አለበት አለች። አለበለዚያ የክዳን ሣሩ በዝናብ ይበሰብሳል። እሱን እየሠራን ነው።»

ሌላ ቀን ስትጠይቀው መጋዘኑ ግድግዳ አውጥቷል። ሌላ ቀን ስትጠይቀው መደብ እየለሰኑለት ነው።

«መደብ? ሣሩ መደብ ላይ ነው የሚተኛው?»

«እኔ እንጃ፣ ለስኑ ተባልን ለሰንን» አለና ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። ዳለቻ አንድ ነገር ከነከናት። ግን የልጇን ደስታ ላለማበላሸት ዋጠችው። ምነው ባልዋጠችው!

አንድ ከሰዓት፣ ጭነት አድርሳ ባዶ ጀርባዋን ስትመለስ፣ ውሽንፍር ያዛትና በእማማ ሚዳቋ በር አቋርጣ መጣች። በሩ ገርበብ ብሏል። አንገቷን አስገብታ አየች።

ከላይ ሰማይ ብቻ ነበር። ወለሉ ቦክቷል። እማማ ሚዳቋ ከግድግዳው ጥግ ተለጥፈው ቆመዋል። ውሃው ከጆሯቸው ጫፍ፣ ከአገጫቸው፣ ከሆዳቸው ሥር ይንጠባጠባል። ቀጫጭን እግሮቻቸው ይንቀጠቀጣሉ።

«ማነው? ልጆቹ ናችሁ?» አሉ ወደ ኮቴው ድምፅ ፊታቸውን መልሰው። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ተስፋ ዳለቻን አንጀቷን በላት።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ዳለቻ። የቡሌ እናት።»

«አይ፣ ልጆቹ መስለውኝ። የትም እንዳይሄዱ ብለውኝ ነበር። መጥተው ቢያጡኝ ልፋታቸው ከንቱ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ጎረቤት እጠጋ ነበር።»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚሁ ነዎት?»

«ምን ላድርግ ልጄ? በፊት የሚያፈሰው በአንድ በኩል ብቻ ነበር፤ እንስራ አስቀምጥበት ነበር። አሁን እንስራውን የትኛው ጋ እንደማስቀምጠው ቸገረኝ» ብለው ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳል ቀደማቸው።

ዳለቻ ብዙ ነገር ችላ የኖረች አህያ ናት። ተጭናለች፣ ተደብድባለች፣ ተሰድባለች። እንዲህ ያለ ንዴት ግን አታውቅም። የገዛ ልጇ ጀርባ ይህን ሣር ወስዶ ገደል ደፍቶታል! የገዛ ልጇ የዘፈነው በዚህች አሮጊት ላይ እየዘነበ ነው! እማማ ሚዳቋን ደግፋ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው፤ ደረቅ ጭድ ላይ አስተኛቻቸው። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ተመልሳ ገባች።

መጋዘን የተባለው ነገር ከአያ ጅቦ ዋሻ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሰፊ ነው፣ በወፍራም ሣር ተከድኗል፣ ጠብታ አያስገባም። ጎረምሶቹ በዝናብ እየተደበደቡ የመጨረሻውን ሣር ያቀብላሉ። ውስጥ፣ አዲሱ መደብ ላይ፣ አያ ጅቦ ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ ተጋድሟል።

«በርቱ! በርቱ!» ይላል በየመሐሉ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ለአቅመ ደካሞች ነው!»

«ቡሌ!» ብላ አናፋች ዳለቻ። ገደሉ ድምጿን ተቀብሎ መለሰው። «ሣሩን ከጀርባህ አውርድ!»

ቡሌ ከእግሩ እስከ ጆሮው በሐፍረት ተቃጠለ። «እማዬ፣ በእግዜር! ጓደኞቼ ፊት አታዋርጂኝ።»

«የተዋረድከውስ አሁን ነው! ይህ የማን ቤት ነው?»

«መጋዘን ነዋ።»

«መጋዘን መደብ አለው? መጋዘን ያንኮራፋል? እማማ ሚዳቋ ጣራ በሌለው ቤት ቆመው እናንተን እየጠበቁ ነው! ነገ እንመጣለን ብላችኋቸው፣ ልጆቹ እንዳያጡኝ ብለው፣ ዝናቡን ቆመው ጠጡት! በሳል ሊሞቱ ነው! አንተስ አንድ ቀን እንኳ ሄደህ አላየሃቸውም?»

ጦጢት ጣራው ላይ እንዳለች እጇ ቀረ። ከርከሮ መሬት መሬት አየ።

እመት ቀበሮ ከየት መጣች ሳትባል መሐላቸው ተገኘች። «ዳለቻ፣ እባክሽ ረጋ በይ። ሁሉም በተራ ነው። ደግሞስ አያ ጅቦ ራሱ አቅመ ደካማ አይደለም? የኋላ እግሮቹን አላየሻቸውም? ከፊተኞቹ ያጥራሉ። ምስኪን፣ ከተወለደ ጀምሮ እንዳነከሰ ነው!»

«አዎ፣ ምስኪን ነኝ» አለ ጅብ ከመደቡ ላይ። ሊያነክስም ፈልጎ ነበር፤ ተኝቶ ስለነበር አልተሳካለትም።

«ይሁን» አለች ጦጢት ከላይ ሆና። «ግን ይህ በር ለምንድን ነው እንዲህ ወፍራም የሆነው? ለአንድ ምስኪን?»

ጅብ ይህን ጥያቄ ወደደው። ከጠዋት ጀምሮ የሚያስበው ስለዚያው ነበርና።

«ለመዝጊያው በዓል ነዋ! ክረምቱ ሲያልቅ ሁላችሁም እዚህ ታድራላችሁ። ትጨፍራላችሁ፣ ይደክማችኋል፣ ትተኛላችሁ። እኔ በሩን እዘጋለሁ፤ ከዚያ...»

ቀበሮ ጭራውን ረገጠችው። «አያ ጅቦ! ዝም በል!»

«ምን አጠፋሁ?» አለ ጅብ ጭራውን እየሰበሰበ። «የሰባው ቡሌ ለአንተ፣ ትንንሾቹ ለእኔ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ቀበሮ ዞር ዞር ብላ አየችና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች፤ በዚያው ጠፋች። ጅብ ግን ነገሩ የገባው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። በዓሉ እንደቀረበት ሲገባው ከመደቡ ዘልሎ ወደ ቡሌ ተወረወረ።

ዳለቻ ልጇን ለመከላከል የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ለጅቡ ጀርባዋን ሰጠችው። በሁለት ኮቴዋም አገጩን አለችው። ሸክም ያጠነከረው እግር ምን እንደሚያህል አያ ጅቦ ያን ዕለት ተማረ። መደቡ ላይ ተመልሶ ወደቀ። ተነሥቶም እየጮኸ ወደ አያ አንበሶ ዋሻ ሮጠ፤ ማነከሱንም ረሳው።

«በል ና» አለች ዳለቻ እያለከለከች። «ወደ ቤት። በጎ ፈቃድ የሚሉት ነገር አበቃ። ድሮም ብዬህ ነበር።»

ቡሌ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ግን የሐፍረት ብቻ አልነበረም።

«አላበቃም» አለ። «መቼ ጀመርነውና ነው የሚያበቃው? ቤት ልናድስ ብለን ወጥተን ያደስነው የለም። ቤት አፍርሰን ለጅብ ቤት ሠራን! እኔ ነኝ ያን ሣር ገደል የደፋሁት፣ እማዬ። አሁን ብገባ ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?» ቀና ብሎ አናፋ፣ በወፍራሙ። «ጦጢት! ግፈፊው!»

ጦጢት ሁለት ጊዜ አላስባለችውም። የአያ ጅቦ ጣራ በእቅፍ በእቅፍ ይወርድ ጀመር። ከርከሮ በጥርሱ ማገሩን ነቀለ። ቡሌ ጀርባው እስኪጎብጥ ተጫነ። ዳለቻ ቆማ አየችው። ልጇ ሲሸከም ማየት የምትጠላው ነገር ነበር። አሁን የምታየው ሌላ ሆነባት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች ጀርባዋን ወደ ጎረምሶቹ እያስጠጋች። «ጫኑኝ እንጂ!»

ያን ቀን ዳለቻ ያለ ዱላ ተሸከመች።

የእማማ ሚዳቋ ጣራ ገና በግማሽ ተከድኖ ሳለ አያ አንበሶ እዚያ ደረሰ፤ ጎፈሩ በዝናብ ተለጥፎ፣ እያገሳ። ጅብ ከፊት ከፊቱ ይሮጣል።

«እነዚህ ናቸው!» አለ ጅብ። «ቤቴን አፈረሱብኝ! እኔን አቅመ ደካማውን!»

«ማን ነው የእኔን ፕሮግራም የሚያበላሽ?» አለ አንበሳ።

ጎረምሶቹ ወደ ኋላ አሉ። ዳለቻ ወደ ፊት አለች። ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ።

«ጌታዬ፣ የዚህን ቤት ሣር መጀመሪያ የመዘዙት እርስዎ ነዎት። ሸለቆው ሁሉ አጨበጨበልዎት። ከዚያስ? አንድ ቀን ተመልሰው አዩት? እማማ ሚዳቋ ያለ ጣራ ከረሙ። የልጆቻችን ጉልበት ለጅብ ቤት ሆነ፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ሊበሏቸው በር ገጠሙ። እኔ ልጄን አልከለከልኩም፣ ጌታዬ። አምኜ ሰጠሁ! የሰጠሁትን ማን ጠበቀልኝ?»

አያ አንበሶ ሊያገሳ አፉን ከፈተ። ጣራውን አየ፤ ሣር የተሸከመውን ጎረምሳ አየ። አፉን መልሶ ዘጋው።

«አያ ጅቦ» አለ። «አቅመ ደካማ ነኝ አላልክም?»

«ነኝ እንጂ ጌታዬ!»

«ታዲያ ከእኔ ቀድመህ እዚህ እንዴት ደረስክ?»

ጅብ ሲያስብ ቆየ። ያን ጊዜም መልሱ አልመጣለትም፤ እስካሁንም አልመጣለትም። ከዚያ ቀን ወዲያ እሱም ቀበሮም በሸለቆው ልጅ አጠገብ እንዳይደርሱ ተፈረደባቸው። አያ አንበሶም «አሁን ወጣቶቹን ማን ይምራቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል?» አለች ዳለቻ፣ ንዴቷ ገና አልበረደላትም። «ልጆቹ እዚያ ላይ ናቸው። እነሱን ይጠይቁ። ካልቸገረዎት ደግሞ ያቺን ሣር ያቀብሏቸው።»

የሸለቆው ንጉሥ ዞር ብሎ አየ፤ የሚያይ ከበሮ መቺ አልነበረም። ሣሩን አነሣና አቀበለ።

ሲያልቅ ቡሌ ወደ ቤት ሮጦ እማማ ሚዳቋን በጀርባው አምጥቶ አወረዳቸው። አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ለመነ። እማማ ሚዳቋ የሰሙት አይመስሉም። በቤቱ መሐል ቆመው ጆሯቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ፤ በአፍንጫቸው ወለሉን ነካ ነካ አደረጉ። ጀርባቸው ላይ የሚወርድ ነገር የለም።

«ልጄ» አሉ። «ዝናቡ አባራ እንዴ?»

«አላባራም እማማ» አለ ቡሌ። «ውጭ እየዘነበ ነው።»

ከዚህ የምንማረው ጉልበቱን በነፃ ሊሰጥ የተነሣን ወጣት ቤት ቆልፈን ማስቀረት ወይም አጨብጭበን መሸኘት ሳይሆን፣ ያ ጉልበት የማንን ቤት እንደሚከድን ሄደን በዓይናችን ማየት እንዳለብን ነው።